የግሪኩ ቤት የጠረጴዛ ልብሶች

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤቱን የጠረጴዛ ልብስ ስታጥብ ኖራ፣ የግሪኩ ምግብ ቤት የፊት በር በመግፋት እንጂ በመሳብ እንደማይከፈት አሚዶ ያወቀችው በዚያ እሁድ ቀትር ላይ ነው። ሳበችው፤ እምቢ አለ። ደግማ ሳበችው።

«እትዬ፣ ግፊው» አለች ታናሽ እህቷ ከኋላዋ። «ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ለመታየት አይደል የመጣነው?»

አሚዶ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የቤቱ አስተናጋጆች ናቸው ያወጡላት። አንገቷ እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ሰው ሲጠራት ጭንቅላቷን ሳይሆን መላ ሰውነቷን ስለምታዞር ነው። መጀመሪያ በሌለችበት ይሏት ነበር፤ ኋላ ፊት ለፊቷም አሏት። አልተቀየመችም። አሚዶ፣ ጨርቅ የሚያጠነክረው ነጭ ዱቄት፣ ያልነካው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ካልተነጠፈ አልጋ የወረደ አንሶላ ነው የሚመስለው።

ሥራቸው ነጭ ማጠብ ነው። ነጭ ብቻ። የጥርስ ሐኪሙን ጋውን፣ የፀጉር አስተካካዩን ፎጣ፣ የግሪኩን ቤት የጠረጴዛ ልብስ። አሚዶ ታጥባለች፣ እህቷ ሳሙና ትመታለች፣ ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች። ሰኞና ሐሙስ በምግብ ቤቱ የጓሮ በር የቆሸሸውን በከረጢት ይቀበላሉ፣ የታጠበውን በካርቶን ያስረክባሉ። ከጓሮው በር ወዲያ፣ ከወጥ ቤቱ ተሻግሮ ያለውን አዳራሽ ግን አንዳቸውም ረግጠውት አያውቁም።

ቢሆንም አሚዶ አዳራሹን ታውቀዋለች፤ በእድፉ። የወይራ ዘይት ጠርዙ ይሰፋል፤ ሙቅ ውኃና ብዙ ሳሙና ይፈልጋል። ወይን የፈላ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ ሲፈስበት ይሸሻል። ቲማቲም ፀሐይ ይጠላል፤ አንድ ረፋድ ካሰጡት ይጠፋል። የበግ ሞራ አሚዶ ተነስንሶበት ማደር አለበት። እንቁላል ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው የሚወደው፤ በሙቅ የነካው ሰው ጨርቁን ቢቀብረው ይሻለዋል። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን እጁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ልጅ እንደነበረ ከጨርቁ ላይ እያነበበች ለእህቷ ታወራላት ነበር። «ዛሬ ማዕዘን ላይ ያለው ጠረጴዛ ተጣልተዋል» ትላለች፤ «ወይኑ በአንድ በኩል፣ ዳቦው በሌላ በኩል ነው ያለው።» እህቷም ከካውያዋ ቀና ሳትል ትስቃለች።

ይህ ሁሉ ከሁለት ወር በፊት ነው።

ከሁለት ወር በፊት ከሳፋው ውስጥ ቀይ ነገር መውጣት ጀመረ። ጨርቁ ሲመጣ ቀይ የለበትም። የለመዱት እድፍ ነው፣ የእንቁላል ሾርባ ቢጫ፣ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ። በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ እህቷ ሳሙና ትመታዋለች፤ ከዚያ አሚዶ ልታለቀልቅ ስታነሳው ጨርቁ ቀይ ሆኖ ይቆያታል። ታለቀልቀዋለች፤ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ሲደርቅ የጡብ ቀለም ያለው ጥላ ይተዋል። ፀሐይ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ይበላው ነበር፤ ሰማዩ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንደተከደነ ነው፣ የሚያሰጡትም ከጣሪያ ሥር ነው።

አሚዶ ደግማ አጠበች። ሦስቴ አጠበች። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሳፋው አጠገብ ሚስማር ላይ የእህቷን ቀይ ሻርፕ ተሰቅሎ አየችው።

«ይኸው» አለች።

«ምኑ ይኸው?»

«ነጭ ውስጥ ነክረሽዋል።»

«እትዬ፣ እኔ ልሙት። እዚያ ከተሰቀለ ስንት ጊዜው ነው።»

እህቷ ሻርፑን አወረደችና በንጹሕ ውኃ ዘፈዘፈችው። አንድ ሰዓት ቆመው ጠበቁ። ውኃው እንደ ነበረ ነው።

«አየሽ?»

«ያለውን ቀለም ሁሉ ጨርቄ ላይ ጨርሶ ነዋ» አለች አሚዶ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ መተኮሻ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ባዕድ ሆኑ። እህቷ የምትናገረው «ክሩን አቀብዪኝ»፣ «ካርቶኑ ሞልቷል» ብቻ ነበር።

ከአሥር ቀን በፊት ደግሞ ዋናው አስተናጋጅ በጓሮ በር ላይ ካርቶኑን ተቀብሎ ከረጢት ሳይሰጣት ቀረ። ዓይኑን ከጫማዋ ላይ አላነሳም።

«ጌታው ከእንግዲህ ወረቀት ነው የምናነጥፈው ብሏል።» ጌታው ያለው ሽማግሌውን ግሪክ አይደለም፤ ሽማግሌው ከታመመ ወዲህ ቤቱን የሚመራው የወንድሙ ልጅ ነው። «ጨርቁ እየቀላ ስለሚመጣ። ከሰው ቀሚስ ጋር ቀላቅላ እያጠበች ነው ብሏል።»

«እሱ ራሱ ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ንገራት ተባልኩ፣ ነገርኩሽ።»

ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሥራ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን በሦስተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ፎጣዎቹን ሊሰጣት ሲል እጁን ያዝ አደረገ፤ «ነጭን ከቀለም ጋር ትቀላቅላለች ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ?» አላት። በአምስተኛው ቀን የጥርስ ሐኪሙ ቤት ነርስ «ትንሽ እናስብበት» አለች። ነጭ አጣቢ ያላት ነገር አንድ ስሟ ነው፣ እሱም ከተወራበት በኋላ ታጥቦ አይጠራም።

ቅዳሜ ማታ ካውያውን ከመሰኪያው ነቀለችና «ነገ እንለብሳለን» አለች። «ግሪኩ ቤት ገብተን ምሳ እንበላለን። ፀጉር አስተካካዩም እሁድ እሁድ እዚያ ነው የሚበላው። ያለውን ፊቴ ላይ ይበለኝ።»

 በማግስቱ እህቷ ቀይ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች።

«እሱን ለምን ለበስሽ?»

«ጥፋተኛው ተይዞ ይቅረብ ብዬ።»

*

በሩ ሲገፋ ተከፈተ።

አዳራሹ ካሰበችው ያነሰ፣ ጠረኑ ግን የሰፋ ነበር፤ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቀረፋ። በግራ በኩል ያሉት ጠረጴዛዎች ወረቀት ለብሰው በብረት መቆንጠጫ ተይዘዋል። በቀኝ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት አራቱ ገና ጨርቅ ናቸው። በአንደኛው ፀጉር አስተካካዩ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። በጥጉ ደግሞ ሽማግሌው ግሪክ በትከሻው ላይ ሹራብ ጥሎ፣ ከፊቱ ዳቦና የወይራ ፍሬ አድርጎ፣ የሰው ሳሕን ያይ ነበር።

ዋናው አስተናጋጅ ፎጣውን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ፈጠን ብሎ መጣ።

«እትዬ አሚዶ፣ ጓሮ በኩል ቢመጡ ነበር የሚሻለው፣ እሁድ ነው እኮ…»

«ዛሬ ጨርቅ አላመጣሁም። ሆድ ነው ያመጣሁት።»

«ቦታ የለም እኮ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ያለውን ባዶ ጠረጴዛ እያሳየች።

«እሱ ተይዟል።»

«አዎ፣ ተይዟል» አለችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እህቷ ለአፍታ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ልክ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች። አሚዶ በመዳፏ ጨርቁን አንድ ጊዜ ዳሰሰችው። የራሷ ነው። ጠርዙ ላይ የእህቷ ስፌት አለ፤ ከስፌቱ አጠገብ ያ የጡብ ቀለም ያለው ጥላ።

የሽማግሌው የወንድም ልጅ ከመጠጥ መደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጣቱ ላይ ቁልፍ የሚያሽከረክር፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው።

«እንኳን ደህና መጡ። ደስ ይላል። ዛሬ ትንሽ ስለተጨናነቅን፣ የሚወዱትን ይንገሩኝና አሽገን እንስጥዎ፤ ግብዣው የእኔ ነው።»

«የሚታሸገው ለሚሄድ ሰው ነው» አለች አሚዶ። «እኛ ተቀምጠናል። ግብዣም አላልንህም፤ ከፍለን ነው የምንበላው። ጥፋቴን ግን አንተው ራስህ ንገረኝ። በሰው አትላክብኝ።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። «እሱን ሌላ ጊዜ፣ በጓሮ በኩል…»

«እዚህ። ወሬው የተነገረው እዚህ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሹካውን አስቀምጦ ጨው የጎደለው ይመስል ጨው ፍለጋ ዞር ዞር አለ። ሚስቱ ግን ወንበሯን ትንሽ አዞረች፤ በደንብ ለመስማት።

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሜቴ፣ ጨርቁ ቀላ። እኛ ቀይ ቀለም የለንም። ከእኛ ቤት ካልሆነ ከእርስዎ ቤት ነው። ሌላ ምን ልበል?»

ይህ የማይናቅ ነገር ነበር። አሚዶም ለሁለት ወር ያሰበችው ይህንኑ ነው። «መልካም» አለች። «እንብላና እናያለን።»

አስተናጋጁ ዝርዝሩን አቀረበላት። እሷ አላነሳችውም።

«መጀመሪያ ያ ቢጫው» አለች። «ሩዝ የሚገኝበት፣ ክብ ሥጋ ያለው፣ ሲደርቅ ከላዩ እንደ ቀለም የሚያበራው።»

«የእንቁላልና የሎሚ ሾርባ» አለ አስተናጋጁ፣ እየጻፈ።

«ከዚያ ያ ከላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ቀረፋ ቀረፋ የሚለው። ደበርጃን ያለበት። ሰው ሁሉ በሹካ ጎንደል ሲያደርገው ከሳሕኑ የሚያመልጠው።»

«ሙሳካ።»

«ከዚያ ያ ሞራው ከደረቅ ቅጠል ጋር ጨርቅ ላይ የሚጣበቀው።»

«በግ በድንች፣ በምድጃ» አለ። መሳቁን ሊደብቅ አልቻለም። «እትዬ አሚዶ፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል እኮ።»

«ቀምሼው አላውቅም።»

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ከጎን ጠረጴዛ «ጠረኑን ብቻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት? እግዜር ይይላቸው» አለች፤ ባሏ በክርኑ ጎሰም አደረጋት።

«እትዬ፣ ሦስት ሳሕን ለሁለት ሰው?» አለች እህቷ በለሆሳስ።

«ይቀመጥ። እንደርስበታለን።»

*

ሾርባው መጣ። በሰፊ ነጭ ጎድጓዳ ሳሕን፣ ውብ ቢጫ፣ ከመሐሉ የተድቦለቦለ ሥጋ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ፣ ጎኑ ላይ ግማሽ ሎሚ። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት አሚዶ ሳታውቀው ትንፋሿን ያዘች። የልማድ ነገር ነው። የእንቁላል ሾርባ የነካው ጨርቅ ውኃ ሲያገኝ የሚሸተውን የእርጥብ እንቁላል ጠረን ስለማትወደው፣ ከረጢቱን ስትፈታ ሁልጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች።

ትንፋሿን ለቀቀች። ሳበች። ሎሚ ሸተታት። ሥጋ ሸተታት። ዱቄት ሸተታት።

መቼ ነው መጨረሻ ትንፋሿን የያዘችው? ማንኪያውን እንዳነሳች ቆየች። ሰኞ? የመጨረሻው ከረጢት በመጣበት ሰኞ አልያዘችም። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስም። ከረጢቱን እየፈታች ከእህቷ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ አፍንጫዋ ሥራ መፍታቱን ልብ ሳትል ሁለት ወር አልፏል።

ቀመሰች። ይጎመዝዛል፣ ወፍራም ነው፣ ሆድ ይሞላል። ምላስ ላይ ግን የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ምድር ምድር የሚል።

እህቷ ማንኪያዋን ከልክ በላይ ሞልታ አነሳች። አንዲት ጠብታ በነጩ ጨርቅ ላይ አረፈች። እህትየው ደነገጠችና ወዲያው በመሐረብ ልታነሳው ጎንበስ አለች።

«ተዪው» አለች አሚዶ።

«እትዬ፣ ያዩናል…»

«ተዪው አልኩሽ። እስቲ እይው።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት፤ ሳፋ ላይ ጎንበስ እንደሚሉት። እንቁላል ጨርቅ ላይ ሲወድቅ ለጊዜው ቆዳ ያወጣል፣ ከላይ ተቀምጦ ያበራል፣ ወደ ክሩ ለመግባት ጊዜ ይፈጃል። ይህ አልጠበቀም። ክሩን ተከትሎ ሰመጠ፤ ዙሪያው ቀለበት አወጣ።

«እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አለ አይደል?» አለች አሚዶ። «ደረቁን። አርጥበሽ አምጪልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

እህቷ ተነሳች። በቀይ ሻርፗ በአዳራሹ መሐል አለፈች፤ ሁሉም አያት። ስትመለስ ሳሙናው መዳፏ ላይ ነበር፣ ውኃው በክርኗ ይወርዳል። አሚዶ ሳሙናውን ተቀበለችና ጠብታዋን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሸችው።

መጀመሪያ ያየችው እህቷ ናት።

«እትዬ።»

ቢጫው ቀላ። ከሳሙናው ሥር፣ ዓይናቸው እያየው፣ እንደ ተቆጣ ሰው ፊት ቀላ። አሚዶ ሳሙናውን አስቀመጠች። እህቷ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ያዘችው፤ ጨምድዳ ያዘችው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» የሽማግሌው የወንድም ልጅ እየሮጠ መጣ። «ይሄ የሰው ንብረት ነው እኮ፤ ጨርቁን አበላሻችሁት። ቀይ ከየት አመጣችሁ?»

«ከሳሕንህ» አለች አሚዶ። «አንድ ማንኪያ ሾርባ፣ አንድ እጅ ሳሙና። ሌላ ነገር ከነካሁ እዚህ የተቀመጡት ይመስክሩ።»

«አየሁ» አለች የፀጉር አስተካካዩ ሚስት። «ቢጫ ነበር። ሳሙና ስታስነካው ነው የቀላው።»

«ሳሙናው ይሆናላ።»

«ሳሙናው የአንተ ነው።» አሚዶ ግማሹን ሎሚ ከሳሕኑ ጠርዝ አነሳችና ቀዩ ላይ ጨመቀችው። ጥቂት ጠብቀው አዩ። ቀዩ ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ቢጫው ተመለሰ። «እንቁላል እንዲህ አይጫወትም» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህን ቤት እንቁላል አጥቤአለሁ፣ አንድ ቀን ቀልቶብኝ አያውቅም። ይሄ እርድ ነው። በዱቄት አወፍረህ በእርድ ቀብተኸዋል። ቤቴ ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ እዚህ ግን እንቁላል ነው ስለተባለ እንቁላል ነው ብዬ ነው ያጠብኩት። እሱ ነው ጥፋቴ። ማመኔ።»

በጥጉ ወንበር ተንቋቋ። ሽማግሌው ግሪክ ጠረጴዛ እየያዘ፣ ወንበር እየያዘ፣ ቀስ ብሎ መጣ። አጠገባቸው ሲደርስ ማንኪያ ለመነ፤ በእጁ፣ ሳይናገር። እህትየው የራሷን ሰጠችው።

«አጎቴ፣ ሐኪሙ ከልክሎሃል» አለ የወንድሙ ልጅ።

«ሐኪሙ የከለከለኝ እንቁላል ነው» አለ ሽማግሌው። «ዓመት ሆነኝ ሌላው ሲበላ እያየሁ። እዚህ ውስጥ እንቁላል ካለ ከልክለኝ።»

የወንድሙ ልጅ አልከለከለውም።

ሽማግሌው ቀመሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የለበትም» አለ።

«ይቋጥራል እኮ አጎቴ። እንቁላሉ እሳት ሲበዛበት ይበጣጠሳል፣ አንድ ሰው ምድጃው ላይ ቆሞ ማማሰል አለበት፣ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም። ይሄ ያው ነው፤ መልኩ ያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላወቀብንም።»

«ጨርቁ አውቆብሃል» አለች እህትየው።

ቀኑን ሙሉ ድምጿን ያልሰማው አስተናጋጅ ዞሮ አያት። እሷም በራሷ ደንግጣ ዓይኗን ሳሕኗ ላይ ጣለች። አሚዶ ግን በጎን አየቻት፤ ከወራት በፊት ካውያ ላይ ሆና የምትስቀውን እህቷን ያየች መሰላት።

ሰውየው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወደ አሚዶ ጎንበስ አለና «እሺ፣ ተሳስተናል» አለ። «ከሰኞ ጀምሮ ከረጢቱን ይውሰዱ። እንደ ድሮው።»

«ሥራ ልለምን አልመጣሁም። ከፈለግህ ወረቀትህን አንጥፍ፤ ቤቱ የአንተ ነው። ስሜን ግን መልስ።»

«ይኸው አልኩ እኮ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«ለእኔ ምን ታደርገዋለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ ንገራቸው።»

ሰውየው አዳራሹን አየ። ማንም አይበላም ነበር። ሽማግሌው አጎቱ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ፤ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ።

«ጥፋቱ የአጣቢዋ አልነበረም» አለ።

«በጓሮ በር የሚነገር ድምፅ ነው ይሄ» አለች አሚዶ። «መጀመሪያ ያወራኸው በዚህ ድምፅ አይደለም።»

ፊቱ ቀላ፤ ሳሙና ሳይነካው። ቀና ብሎ፣ በመስኮቱ በኩል ላሉትም በግራ በኩል ላሉትም እንዲሰማ አድርጎ፣ ጨርቁን ያቀላው የወጥ ቤቱ እርድ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ከማንም ልብስ ጋር እንዳልቀላቀለች፣ ያላት ሁሉ ሐሰት እንደነበረ ተናገረ። ሲጨርስ ቃሉ ሁሉ አፉ ውስጥ እንደ ደረቀ ያስታውቅ ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ ገባ፤ አጎቱም ግድግዳውን እየያዘ ተከተለው። ከዚያ በኋላ በበሩ በኩል የተሰማው በሌላ ቋንቋ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ምን እንደተባለ ከድምፁ ብቻ ገመተ።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ፎጣዎቹን ነገ ጠዋት ልላክልሽ?»

«ነገ አይሆንም» አለች አሚዶ። «ነገ እረፍት ነኝ። ማክሰኞ ላክ። አንተም ሰዓት ካገኘህ የጥርስ ሐኪሙን ነርስ ስታገኛት የሰማኸውን ንገራት። ያኛውን ወሬ ሳትዘገይ ነግረሃታልና።»

ሚስቱ ሳቋን በመሐረብ ከደነችው።

አሚዶ ወንበሯን አስተካክላ ተቀመጠች። አሁን ይቀለኛል ብላ ነበር። ደረቷ ላይ ግን አንድ ነገር አልወርድ ብሎ ተቀምጧል፤ ሾርባው አይደለም።

«እትዬ» አለች እህቷ።

«እ?»

«አንቺስ?»

አሚዶ እንዳልሰማ ሰው ዳቦ ቆረሰች። እህቷ ጠበቀቻት። ሻርፑን አላወለቀችም፣ አላስተካከለችም፤ ታያታለች። የሽማግሌውን የወንድም ልጅ በሰው ፊት ያናገረ አንገት አሁን አልታጠፍ አለ። ቤት ስንደርስ እነግራታለሁ ብላ አሰበች። በመንገድ ላይ። ካውያው ሲሞቅ። ከዚያ በጓሮ በር እየሄደች እንደሆነ ገባት።

«ሻርፑ አልነበረም» አለች ዳቦውን እያየች። «አንቺም አልነበርሽም።»

«አልሰማሁሽም» አለች እህቷ። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ ጥርሷ ሥር ግን ነበር።

አሚዶ መላ ሰውነቷን አዞረች፤ እንደ ልማዷ። «እህቴ ምንም አላጠፋችም» አለች፣ ለእህቷም ለአዳራሹም፣ ያንኑ ሰውየውን ያስጮኸችውን ያህል አድርጋ። «ሻርፗን ዘፍዝፋ አሳይታኝ አላመንኳትም። የግሪኩን ቤት እንቁላል ያመንኩትን ያህል የእናቴን ልጅ አላመንኳትም። ሁለት ወር ሙሉ በሐሰት ከስሻታለሁ። በቃሽ ወይስ ልጨምር?»

«ጨምሪ።»

«አንቺ ደግሞ።»

«እሺ በቃኝ» አለች እህቷ፣ ዓይኗን በሻርፑ ጫፍ እየጠረገች። «ብይ፣ ሊበርድ ነው።»

ሙሳካው መጣ። ነጩ ልብሱ ከላይ ቡናማ ሆኖ ተጠብሷል፣ በሹካ ሲነካ ከሥሩ ትኩስ ቲማቲምና ቀረፋ ተነፈሰ። ከሳሕኑም አመለጠ፤ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱም አላነሱትም። ቀጥሎ በጉ መጣ፣ ከአጥንቱ በራሱ ጊዜ የሚለያይ፣ ድንቹ ሞራውን ጠጥቶ ጠርዙ የተቆላ። እህትየው መጀመሪያ በሹካ ሞከረች። አሚዶ አጥንቱን በእጇ ያዘችው። ሞራው በጣቷ መሐል ወርዶ ክርኗ ጋ ሲደርስ ጨርቁ ላይ ክብ ሠራ፤ ምን ያህል አሚዶ እንደሚፈልግ ታውቃለች፣ ስንት ሰዓት እንደሚያድር ታውቃለች፤ ግን ለማስላት አልፈለገችም። በሉ። ብዙ በሉ። ዳቦ አስጨመሩ። ሦስተኛው ሳሕን ላይ እህትየው መቀነቷን ላላ አደረገች፤ አሚዶም አየቻትና ሳቀች፣ እህትየውም ሳቀች፣ የፀጉር አስተካካዩ ሚስትም ምክንያቱን ሳታውቅ ሳቀች።

ዋናው አስተናጋጅ የወረቀት ጥቅልና አራት የብረት መቆንጠጫ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመ። ከወጥ ቤቱ አዲስ ትእዛዝ ገና አልደረሰው ይሆናል፣ ወይ ደርሶት ይሆናል፤ ከፊቱ አይታወቅም። ጨርቁን አየ፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሞራ፣ ሎሚ፣ የሳሙና አረፋ።

«እትዬ አሚዶ፣ ይሄን አንስቼ ንጹሕ ወረቀት ላንጥፍልዎት?»

አሚዶ ሁለቱን ክርኖቿን ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

«አትንካው» አለች። «እየበላሁበት ነው።»